ቢጫዋ መብራት ምን አይታ ነው የበራችው?
ከዘይት ቅያሪ በኋላ ስለሚበራ የሞተር ምልክትና በውስጡ ስላለው ፊዚክስ

ጎረቤቴ በኪራይ መኪና ሥራ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰው ናቸው። መኪናቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች፣ ከአውሮፓ የገባች ኮሮላ ስትሆን የቤቱ አስቤዛም ሆነ የልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ የሚወጣው ከእርሷ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩተው፣ «ዶክተር፣ እስቲ ብቅ በልና እያት። ዘይት ካስቀየርኩ በሦስተኛው ቀን ይህች ቢጫ መብራት በራችብኝ። ዘይቱ የተጭበረበረ ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

እርሳቸውን ያስጨነቃቸው የመብራቷ መብራት ብቻ አልነበረም። ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት ዘይቱን ወደ ቀየረላቸው ሰው ተመልሰው ሄደው፣ ዘይቱ እንደገና ተቀይሮላቸዋል፤ ለሁለተኛ ጊዜም ከፍለዋል፤ መብራቷ ግን አልጠፋችም። ቀጥሎ የሄዱበት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ «የኦክሲጅን ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ያላቸው ሲሆን፣ ለአዲሱ ዕቃ የተጠየቁት ገንዘብ ከአንድ ወር ገቢያቸው የሚበልጥ ነበር። ሌላ ሰው ደግሞ በጥቂት ብር መብራቷን «ሊያጠፋላቸው» እንደሚችል ነግሯቸዋል። ሦስት ባለሙያዎች፣ ሦስት ምክሮች። መኪናዋ በቆመችበት በእያንዳንዱ ቀን ደግሞ ገቢ የለም።

የእኔ ሙያ መካኒክነት አይደለም። ሆኖም የፊዚክስ ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው አንድን መለኪያ «ምን ለካህ?» ብሎ መጠየቅን በመሆኑ፣ መብራቷን እንደ አንድ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ልጠይቃት ወሰንሁ።

ቀይዋ ሌላ፣ ቢጫዋ ሌላ

በመጀመሪያ ማጣራት የነበረብኝ የበራችው የትኛዋ መብራት እንደ ሆነች ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ከዘይት ቅያሪ በኋላ ሊበሩ የሚችሉና ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት መብራቶች አሉ። አንደኛዋ የዘይት ማንቆርቆሪያ ቅርጽ ያላት ቀይ መብራት ስትሆን፣ ሁለተኛዋ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ናት። የሁለቱ ትርጉም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ቀይዋ ከዘይት ግፊት ጋር በቀጥታ የተያያዘች ናት። የሞተሩ ክራንክ ሻፍት በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 50 ጊዜ ይሽከረከራል ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ከተሸከመው ብረት ጋር አይነካካም፤ በመካከላቸው በማይክሮሜትር የሚለካ ቀጭን የዘይት ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቢቻም ታወር እ.ኤ.አ. በ1883 የባቡር ጎማ ዘንግ ተሸካሚዎችን ሲመረምር በተሸካሚው አናት ላይ ቀዳዳ ቢበሳ ዘይቱ ሽቅብ ፈለቀበት፤ በቡሽ ቢደፍነው ቡሹ ተወርውሮ ወጣ፤ በእንጨት ቢደፍነውም እንጨቱ ወጣ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1886 በቀመር አስረዳ፤ የሚዞረው ዘንግ ራሱ፣ ዘይቱ ዝልግልግ በመሆኑ፣ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ የዘይት አቅርቦቱ ሲቋረጥ ብረት ብረትን ይፈጫል፤ ሞተር ለመሞትም ብዙ ደቂቃ አያስፈልገውም። ከዘይት ቅያሪ በኋላ ቀይዋ መብራት ከበራች የማፍሰሻው ብሎን አልጠበቀ ይሆናል፤ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ላይ ታስሮ ዘይቱ እየፈሰሰ ይሆናል፤ ወይም ዘይት መሙላቱ ጨርሶ ተረስቶ ይሆናል። በማንኛውም ሁኔታ ሞተሩን ባሉበት ማጥፋት እንጂ «እስከ ጋራዡ ልድረስ» ማለት የለም።

የጎረቤቴ ግን ቢጫዋ ነበረች። ቢጫዋ የተወለደችው ሞተርን ለመጠበቅ ሳይሆን አየርን ለመጠበቅ ነው። ታሪኳ ከካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ሕግ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ዛሬ ኦቢዲ ሁለት የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ በአውሮፓም ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ተከተለ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ብክለት ከተፈቀደው መጠን በላይ ሊያደርስ የሚችል ጉድለት ሲገኝ ኮምፒውተሩ ይህችን መብራት ያበራል። ቋሚ ሆና ስትበራ መኪናው ሥራውን እየሠራ መመርመር ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሲሊንደር ውስጥ ቃጠሎ እየከሸፈ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ እየገባ ነውና ቶሎ መቆም ይገባል።

የጎረቤቴ መብራት በቅያሪው ዕለት ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ መብራቷም ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን ጉድለት በአንድ ጉዞ አይቶ ወዲያው አይጮህም፤ በተከታታይ ሁለት ጉዞ ላይ ሲደገም ነው መብራቷን የሚያበራው። በቤተ ሙከራ ልኬትን መድገም እንደምናስተምረው ማለት ነው።

ኮዱ ያለውና ያላለው

አንድ ተማሪዬ ኮድ ማንበቢያ ስለነበረው ተውሰን ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ሰካነው። የተነበበው ኮድ ፒ0171 የሚል ነው። ትርጉሙ «ድብልቁ ሳስቷል» ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አላለም። «የኦክሲጅን ሴንሰሩ ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ ከኮዱ የመጣ ሳይሆን ከሰው የመጣ ነው። የኦክሲጅን ሴንሰሩ የሳሳ ድብልቅ መኖሩን የመሰከረው ምስክር ነው፤ ጋራዡ ምስክሩን አሰረው ማለት ይቻላል።

ድብልቅ ሳሳ ሲባል ምን ማለት ነው? ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል የተወሰነ የአየር መጠን ይፈልጋል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች በኦክቴን ሊሞክሩት ይችላሉ፤ 114 ግራም ኦክቴን 400 ግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ከአየር ክብደት ውስጥ 23 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ስለሆነ ለ1 ግራም ኦክቴን 15 ግራም ገደማ አየር ያስፈልጋል። የብዙ ውሕዶች ቅልቅል ለሆነው የገበያ ቤንዚን የተለመደው ቁጥር 14.7 ነው። አየሩ ከዚህ ሲበዛ ድብልቁ «ሳሳ» ይባላል፤ ነዳጁ ሲበዛ ደግሞ «ወፈረ»።

የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ምጥጥን የሚጠብቀው በሁለት መሣሪያዎች ነው። የመጀመሪያው ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ የሚገኝ ከፕላቲነም የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ኮምፒውተሩም ሙቀቱን ለመጠበቅ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚያስፈልግ በማየት በሰከንድ ስንት ግራም አየር እንደ ገባ ያሰላል። የዚህን ዓይነት ሽቦ የሙቀት ሕግ ሉዊስ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1914 አውጥቶታል። የሚለካው ይዘት ሳይሆን ክብደት መሆኑ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ትልቅ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድሮዎቹ የካርቡሬተር መኪናዎች ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጡ ነዳጅ ይበዛባቸውና ጥቁር ጭስ ያጨሱ ነበር፤ ባለ ሽቦዋ መኪና ግን የአየሩን መሳሳት ራሷ አውቃ ነዳጇን ትቀንሳለች። ስለዚህ «ከፍታው ነው» የሚለው ማመኻኛ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ሁለተኛው መሣሪያ የተከሰሰው የኦክሲጅን ሴንሰር ነው። ውስጡ ዚርኮኒያ የተባለ ሸክላ መሰል ቁስ አለ። ይህ ቁስ ሲግል የኦክሲጅን አዮኖችን ያሳልፋል። አንደኛው ገጹ የውጭውን አየር፣ ሌላኛው ገጹ ጭሱን ይነካል፤ በሁለቱ ወገን ያለው የኦክሲጅን መጠን ሲለያይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቀመሩ የዋልተር ኔርንስት ሲሆን መነሻው እ.ኤ.አ. 1889 ነው። የሚገርመው፣ ኔርንስት ራሱ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠራው የኤሌክትሪክ አምፖል ብርሃን የሚሰጠው ዘንግ ከዚሁ ከዚርኮኒያ የተዘጋጀ ነበር። አምፖሉን ባለ ተንግስተን ሽቦ አምፖሎች ከገበያ አስወጡት፤ ቁሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ መኪናዎች የጭስ ማውጫ ውስጥ እንደገና ሥራ አገኘ።

በቀመሩ ጥቂት እናስላ። የሴንሰሩ ሙቀት 900 ኬልቪን ቢሆን፣ በጭሱ ውስጥ 2 በመቶ ኦክሲጅን ሲቀር (የሳሳ ድብልቅ) ቮልቴጁ 0.05 ገደማ ይሆናል። ድብልቁ ሲወፍርና በጭሱ ውስጥ ነፃ ኦክሲጅን የለም በሚባል ደረጃ ሲጠፋ ቮልቴጁ ወደ 0.86 ይዘልላል። በመካከል የሚቆምበት ቦታ እምብዛም የለም። ኮምፒውተሩም ይህን እያየ፣ ሳሳ ሲባል ነዳጅ ይጨምራል፣ ወፈረ ሲባል ይቀንሳል፤ በጤነኛ ሞተር ላይ ቮልቴጁ ያለ ዕረፍት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በማንበቢያው መስኮት ላይ የጎረቤቴ ሴንሰር ልክ እንደዚህ ሲመላለስ አየሁት። የሞተ ሴንሰር አይመላለስም። ለጎረቤቴ «ጋሼ፣ ይህንን ዕቃ አይግዙ» ያልኳቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለት ቁጥሮች

ታዲያ ተጨማሪው አየር ከየት መጣ? ወይስ ጎድሎ የነበረው ነዳጁ ነው?

ኮምፒውተሩ ከታቀደው በላይ ስንት በመቶ ነዳጅ እየጨመረ እንደ ሆነ ማንበቢያው ያሳያል። መካኒኮች «ሚኒሞ» በሚሉት ሁኔታ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ጭማሪው 27 በመቶ ነበር። ጎረቤቴ የቤንዚኑን ፔዳል ረገጥ አድርገው ሞተሩን በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ሲይዙልኝ ወደ 8 በመቶ ወረደ።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከማንኛውም ምክር የበለጠ ይናገራሉ። የነዳጅ ፓምፑ ቢደክም ኖሮ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ በሚጠይቅበት ጊዜ ችግሩ ይብስ ነበር እንጂ አይቀልም። የአየር መለኪያው ሽቦ ቢቆሽሽም ስሕተቱ አየሩ ሲበዛ እንዲህ አይቀንስም። ነገር ግን ሽቦው ሳያየው በጓሮ የሚገባ፣ መጠኑ ብዙም የማይለዋወጥ አየር ቢኖርስ? ያን ጊዜ በሚኒሞ፣ ጠቅላላው አየር ጥቂት ሲሆን፣ ድርሻው ትልቅ ይሆናል፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ያንሳል። ሒሳቡ ይኸው። በሚኒሞ ሽቦው የመዘነው አየር በሰከንድ 1.8 ግራም ነበር፤ የዚህ 27 በመቶ 0.49 ግራም ነው። በ2500 ዙር የተመዘነው 6.5 ግራም ነበር፤ በጓሮ የሚገባው አየር ያው 0.49 ግራም ከሆነ ድርሻው 7.5 በመቶ መሆን አለበት። ያየነው 8 ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ከኮዱ ጋር ተመዝግቦ የተገኘው መረጃም ይህንኑ ይደግፍ ነበር፤ ጉድለቱ በታየበት ቅጽበት የመኪናዋ ፍጥነት 0፣ የሞተሩ ዙር 720 ነበር። (መብራቷን «ላጥፋልዎት» ያለው ሰው ኮዱን ቢሰርዘው ይህ ማስረጃ አብሮ ይሰረዝ ነበር።)

እዚህ ላይ እኔም ተሳሳትሁ። ዘይት ቀያሪዎች ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያውንም አውጥተው በአየር ስለሚነፉት፣ ከማጣሪያው በኋላ ያለው ወፍራም የጎማ ቱቦ ሳይጠብቅ ቀርቷል ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ነበር። ቱቦውን ፈትቼ፣ አይቼ፣ መልሼ እስካስር ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። ቁጥሩ 27 እንደ ሆነ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ቀላሉን ጥያቄ የጠየቅሁት፤ ዘይት ሲቀየር ግድ የሚከፈተው ምንድን ነው? ከላይ ያለው የዘይት መሙያ ክዳን ነዋ!

የዘይት ክዳን ከአየር ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በቃጠሎ ጊዜ ከፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርድ ጋዝ አለ። ይህ ጋዝ በቀድሞ ዘመን በቱቦ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር፤ ከአየር ብክለት ሕጎች ወዲህ ግን ሞተሩ ራሱ በአንዲት ትንሽ ቫልቭ በኩል መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው ይስበውና ያቃጥለዋል። በዚያ ምትክ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፤ ይህም አየር ቀድሞ በሽቦው የተመዘነ ነው። ክዳኑ አልገጥም ሲል ግን ሞተሩ ያንኑ ያህል አየር ከተመዘነው በኩል በመሳብ ፈንታ በቀጥታ ከውጭ ይስባል። ቫልቯ የምታሳልፈው መጠን የተወሰነ ስለሆነ ነው በጓሮ የሚገባው አየር ብዙም ያልተለዋወጠው።

ሞተሩ እየዞረ አንዲት ስስ ሶፍት ወረቀት በክዳኑ ዙሪያ አስጠጋሁ። በአንድ ጎን በኩል ወረቀቷ ወደ ስንጥቁ ተስባ ተለጠፈች። ክዳኑን ስንከፍተው በውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ተጣጥፎ፣ በአንድ በኩልም ተቆርጦ አገኘነው። ዘይቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀየርም ክዳኑ በዚያው በተጣጠፈ ጎማ ተመልሶ ተዘግቷል ማለት ነው። ጎረቤቴ ቀለበቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ጥቂት ካዩት በኋላ፣ «ለዚህች ነው እንዴ ደመወዜን ልሰጥ የነበረው?» አሉ።

ስለ ዘይቱ የነበራቸውን ጥርጣሬ ግን ከንቱ ነበር ልል አልችልም። ሞተራቸው የቫልቮቹን የመከፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክል በመሆኑ የዘይቱ ዝልገት ግድ ይለዋል። በሙቀት 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 30 ቁጥር የተሰጠው ዘይት ዝልገቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ሲሆን፣ 50 ቁጥር ያለው ግን ከ16.3 ይጀምራል (መለኪያው በሰከንድ ካሬ ሚሊሜትር ነው)። «ወፍራም ዘይት ለአሮጌ ሞተር ይሻላል» በሚል እምነት 30 የሚጠይቅ ሞተር ውስጥ 50 የሚያስሞሉ አሉ፤ እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ወፍራሙ ዘይት በጠባቦቹ ቀዳዳዎች በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ ቢጫዋን መብራት ሊያበራ ይችላል። ያን ጊዜ የሚነበበው ኮድ ግን ስለ ቫልቭ ጊዜ የሚናገር እንጂ ስለ ሳሳ ድብልቅ የሚናገር አይሆንም። ጎረቤቴ ጣሳውን አምጥተው አሳዩኝ፤ 5ደብልዩ-30 ይላል፤ መኪናዋ የምትጠይቀውም እርሱን ነው።

አዲሱ የጎማ ቀለበት ከአንድ ሰው ምሳ ባልበለጠ ዋጋ ተገዛ። ከገጠምነው በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ጭማሪው ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ የለመደውን ነገር ወዲያው አይተውምና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። በመጨረሻ በሚኒሞ 3፣ በ2500 ዙር 2 በመቶ ላይ ቆመ። ለማንኛውም ያገለገለ ሞተር ይህ ጤና ነው።

ተማሪዬ «ኮዱን ልሰርዘው?» ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቴም መብራቷ ወዲያው እንድትጠፋላቸው ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን እንዲታገሡ ለመንኋቸው። ጉድለቱ በእርግጥ ከተወገደ ኮምፒውተሩ በተከታታይ ሦስት ጉዞ ላይ አጣርቶ መብራቷን ራሱ ያጠፋታል፤ እኛ ከሰረዝናት ግን የጠፋችው ጉድለቱ በመጠገኑ ይሁን እኛ በመሰረዛችን ማወቅ አንችልም። ጥቂት አጉረመረሙና ተስማሙ።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ጠራ። ከመገናኛ ነበር የሚደውሉት፤ ተሳፋሪ ጭነዋል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ አሁን ሳስነሳት አልበራችም» አሉኝ።